360,360ን አሥራ አምስት ጊዜ ሳታካፍዪ

እህቴ፣ የልጅሽ የቤት ሥራ «360,360 ከ1 እስከ 15 ላሉት ቁጥሮች በሙሉ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለምን?» ይላል፤ አንቺም አሥራ አምስት ጊዜ ሳታካፍዪ እንዴት እንደምታስረጂው ነው የጠየቅሽው። እኔ እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ የስድስተኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ፤ ይቺን ቁጥር በጣም ነው የምወዳት።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ እየሠራን ነበር። ለ7 አካፈልናት፣ 51,480 መጣ። ወደ 11 ልንሄድ ስንል አንዷ ተማሪዬ እርሳሷን አስቀመጠችና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ 360 ሁለቴ የተጻፈ ነው» አለችኝ። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥርን ደግመሽ ስትጽፊው በ1,001 አባዛሽው ማለት ነው፤ 360 ሺህ ላይ 360 ጨመርሽ፣ በቃ። 1,001 ደግሞ 7 × 11 × 13 ነው። ልጅሽ ደስ ያለውን ይጻፍ፣ 435,435 ይበል። ለ7 ሲያካፍለው 62,205፣ ያንን ለ11 ሲያካፍል 5,655፣ ያንን ለ13 ሲያካፍል 435 ተመልሶ ይመጣለታል። የእኔዎቹ ይሄን ካዩ በኋላ ሻማው እስኪያልቅ አልተነሱም።

የቀረው 360 ነው፣ እሱም 8 × 9 × 5። እንግዲህ እጅሽ ላይ ሦስት 2፣ ሁለት 3፣ ከዚያ አንድ 5፣ አንድ 7፣ አንድ 11፣ አንድ 13 አለሽ። እኔ ቆርኪ ላይ እየጻፍኩ ነው የማሠራቸው፣ በእጃቸው ሲያነሱት ቶሎ ይገባቸዋል። 12 ሲባል ሁለት 2 እና አንድ 3 ያነሳል። 14 ሲባል 2 እና 7። 15 ሲባል 3 እና 5። ስንት አካፋይ እንዳላትም ከዚሁ ይወጣል፦ ከ2ቶቹ ምንም አለማንሳትን ጨምሮ 4 ምርጫ አለው፣ ከ3ቶቹ 3፣ ከቀሩት አራቱ ሁለት ሁለት፤ ሲባዛ 192።

አንድም ቆርኪ ትርፍ አይደለም። 13ን ብታወጪ 27,720 ይቀራል፣ እሱ እስከ 12 ብቻ ነው የሚያደርስሽ። ትንሹ የጋራ ብዜት የምትባለው ለዚህ ነው።

የአብነት ትምህርት የተማረ ዘመድ ካላችሁ ልጁ ባሕረ ሐሳብን ይጠይቀው። የዘመን መቁጠሪያው ትልቁ ዙር፣ ዐቢይ ቀመር የሚባለው፣ 532 ዓመት የሆነው በዚሁ ስሌት ነው። የጨረቃው ዙር 19፣ የፀሐዩ 28፤ የሚጋሩት አካፋይ ከ1 በቀር ስለሌለ አብረው መነሻቸው ላይ የሚገጥሙት በ19 × 28 ዓመት ነው። ጎንደር ተቀምጠን ይሄን ምሳሌ ለልጆቻችን አለመንገራችን ያስቆጨኛል።

ከዚያ 16ን ስጪው። አራት 2 ይፈልጋል፣ ያሉን ሦስት ናቸው፤ አንድ ይጨምርና 720,720 ይሆናል። 17 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ የግድ አዲስ ቆርኪ ይገባል፣ 12,252,240። 18 ላይ ግን ምንም እንዳትነግሪው፣ የሚያስፈልጉት አንድ 2 እና ሁለት 3 ፊቱ ላይ ናቸው።