የማይንቀጠቀጥ እይታ በሁለት ዘንግ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ዕቃ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ ባይኖኩላር፣ ረጅም የካሜራ ሌንስ ወይም ጠመንጃ አሳርፎ የሚይዝ፣ ኪስ የማይጎዳ ዘንግ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደባርቅ ነው፤ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አስጎብኚ ነኝ። ጨነቅ የተባለው ቦታ ላይ ሆነን ከማዶ ገደል ያለ ዋልያ ሳሳይ፣ እንግዶቼ 10 በ42 ባይኖኩላር ይዘው እንኳ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ «የታለ?» ይሉኛል። ርካሽ መደገፊያ ልገዛ አስቤያለሁ። ባለ አንድ እግር፣ ባለ ሁለት ወይስ ባለ ሦስት ይሻለኛል?

መልስ፦ ለአብዛኛው ሥራዎ ባለ ሁለት እግር ይበቃዎታል። 10 ጊዜ የሚያቀርብ ባይኖኩላር የእጅንም መንቀጥቀጥ 10 ጊዜ ያጎላል። ጨነቅ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አቀበቱን ወጥቶ የደረሰ ሰው ትንፋሹ ሳይረጋ፣ ከገደሉ አፍ የሚነሳው ነፋስ ክንዱን እየገፋው ነው የሚያየው። ባለ አንድ እግር ዘንግ ላይና ታች የሚለውን ያቆምለታል፤ ግራና ቀኝ መወዛወዙ ግን ይቀራል። ሁለተኛው እግር ሲጨመር እሱም ይያዛል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፊትና ኋላ መሄዱ ነው፤ እሱን የተመልካቹ የራሱ ሰውነት ይደግፈዋል።

ባለ ሦስት እግር ብቻውን ይቆማል። ጥቅሙ እርስዎ ዋልያውን ፈልገው ካገኙ በኋላ ዞር ብለው ቦታውን ለእንግዳው መልቀቅ መቻልዎ ነው፤ ብዙ ሰው ይዘው የሚወጡ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ለዚህ ባይኖኩላሩ ከዘንጉ ጋር መታሰር አለበት። ብዙዎቹ ባይኖኩላሮች ከፊት፣ ሁለቱን ቱቦ በሚያገናኘው ማጠፊያ ጫፍ ላይ፣ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ፣ የሩብ ኢንች ቡሎን የሚገባበት ጥርስ ያለው ቀዳዳ አላቸው፤ እዚያ የሚገባ ማያያዣ ለብቻው ይሸጣል። የእርስዎ ጥርስ ከሌለው ባለ ሦስት እግር ለመግዛት አይቸኩሉ። ሌላው ነገር፣ ርካሽና ቀላል የሆነው ባለ ሦስት እግር በነፋስ ይርገበገባል። እግሮቹን ሙሉ በሙሉ አይዘርጉ፤ ቁጭ ብላችሁ ተጠቀሙበት፤ ከመካከሉ ደግሞ ድንጋይ የሞላ ከረጢት መሬት ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አድርገው ያንጠልጥሉ። ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ከረጢት ራሱ እየተወዛወዘ ያስቸግራል።

እየተሳበ የሚረዝም የአልሙኒየም ዘንግ ሲገዙ ሻጩ ፊት አንድ ፈተና ያድርጉ። እስከ መጨረሻው ያውጡት፣ መቆለፊያዎቹን ያጥብቁ፣ ከዚያ ሁለት እጅዎን ጫፉ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ክብደትዎን ይጫኑበትና ግማሽ ደቂቃ ይቆዩ። በአንድ ጣት እንኳ ካጠረ ይተዉት። ተጠምዝዞ የሚቆለፈው ዓይነት አቧራና እርጥበት ሲገባበት መንሸራተት ይጀምራል፤ መያዙንም አለመያዙንም በዓይን ማወቅ አይቻልም። ባለ ምላስ መቆለፊያው፣ ማለትም ተጭኖ የሚዘጋው፣ ክፍት ከሆነ ከሩቅ ይታያል፤ ሲላላም በትንሽ ቡሎን ይጠብቃል። የዋጋ ልዩነት ካለ ለዚህ ይክፈሉ እንጂ ለእግር ብዛት አይክፈሉ።

የተራራ መውጫ ዱላ ጥንድ ካለዎት ደግሞ ምንም ሳይገዙ መጀመር ይችላሉ። ከእጀታው በታች አራት ጣት ያህል ዝቅ ብለው ሁለቱን አንድ ላይ በጎማ ቀለበት ያስሩና እግሮቹን ይክፈቱ። አብዛኞቹ ግን ከ135 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም፤ ስለዚህ ለቁጭታና ለብርክክ እንጂ ለቆመ ሰው አይደርሱም። ጎንበስ ብሎ ማየት ወገብና አንገት ያደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ዘንጉ ትርጉም ያጣል።

ጥያቄ፦ ጎንደር አዘዞ አካባቢ ፎቶ አነሳለሁ። ባለ ሁለት እግር ዘንግ ከባሕር ዛፍ አሠርቼ ነበር፤ ክረምቱ ሳያልፍ ተጣመመ፣ ቡሎኑም በየጊዜው ይላላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተጣመመው እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ስለተሠራ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በጣም ይጠመዘዛል፤ ጫፉም ይሰነጠቃል። በባሕር ዛፍ መሥራት ከፈለጉ ቀጥ ያሉትን ይምረጡ፣ ልጠው ጫፎቹን ቀለም ይቀቡ፣ አራት አምስቱን አንድ ላይ ጥብቅ አድርገው አስረው ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያስተኟቸው። ሁለት ሦስት ወር ይቆዩ። ጫፉ የሚቀባው ውሃው በጫፍ በኩል በፍጥነት ወጥቶ እንዳይሰነጥቀው ነው። ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ግን ጉብጥ ያደርገዋል።

እኛ የምንመርጠው ቀርከሃ ነው። ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣው የደጋ ቀርከሃ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ ቀርከሃ ጥንዱ ከ800 ግራም ብዙም አያልፍም፤ በዚያው ውፍረት የባሕር ዛፍ ጥንድ ከ1.3 ኪሎ በላይ ይሆናል። ካሜራና ረጅም ሌንስ ተሸክመው ሲወጡ ይህ ልዩነት ትከሻዎ ላይ ይታወቃል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ቀርከሃ ግን ሲደርቅ ይጨማደዳልና የበሰለውን ይጠይቁ።

ቁመት ላይ ሰው ሁሉ ያሳጥራል። ለቆመ ሰው እያንዳንዱ ዘንግ የባለቤቱን ቁመት ያክላል፤ ተዳፋት ላይ የሚሠራ ከሆነ አራት ጣት ይጨመርበት። የሊቃውንቱ መቋሚያ ረጅሙን ማሕሌት የሚያስቆመው ከሚደገፍበት ሰው ቁመት ጋር ሲስማማ ነው፤ የእርስዎም ዘንግ ከሱቅ ቁመት ሳይሆን ከእርስዎ ቁመት ይነሳ። መጀመሪያ አስረዝመው ይቁረጡ፤ ሜዳ ወጥተው ከሞከሩት በኋላ ከታች በኩል ይቀንሱ።

አሁን ወደ ቡሎኑ። ቦታው ከላይኛው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። እግሮቹ ታች 70 ሴንቲ ሜትር ሲከፈቱ ላይኛው ሹካ ከ9 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ክፍተት ይሰጣል፤ ይህም ለረጅም ሌንስ ልክ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቡሎን፣ ሦስት ሮንዴላና ናይለን ያለው ዳዶ ይግዙ። አንዱ ሮንዴላ በሁለቱ ዘንግ መካከል ይገባል፤ እሱ ከሌለ እንጨት ከእንጨት እየተፋጨ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። የእርስዎ የላላው ተራ ዳዶ ስለሆነ ነው፤ እግሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ዳዶውን አብሮ ያዞረዋል። ናይለን ያለው ከጠፋ ሁለት ተራ ዳዶ ደርበው አንዱን በሌላው ላይ ያጥብቁ። የማጥበቂያው ልክ ደግሞ እግሮቹ በራሳቸው የማይወድቁበት፣ በአንድ እጅ ግን የሚከፈቱበት ነው።

ቀርከሃ ሲበሳ የሚሰነጠቀው ከአንጓው ርቆ ሲበሳ ነው። ዘንጉን ሲቆርጡ አንጓው ከላይኛው ጫፍ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ እንዲውል አስልተው ይቁረጡ፤ ቀዳዳው ከአንጓው ሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ከመበሳቱ በፊት ከቀዳዳው ቦታ በላይና በታች ሲባጎ በኮላ ነክረው አሥር ዙር ያህል ጥብቅ አድርገው ይጠምጥሙ፤ ኮላው ከደረቀ በኋላ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ጀምረው በ6 ተኩል ይጨርሱ። በአንድ ጊዜ በትልቁ መጀመር ነው ብዙውን ቀርከሃ ያበላሸው።

ሹካው ላይ ስፖንጅ አይለጥፉ። ለስላሳ ቢመስልም እየነጠረ መንቀጥቀጡን መልሶ ያመጣዋል። ጎሚስታ ቤት ሄደው የተጣለ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ይውሰዱ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርገው በረጅሙ ይቁረጡትና እየለጠጡ፣ ግማሹን በግማሹ ላይ እያስኬዱ ይጠምጥሙት። በመጨረሻም ከታች 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሁለቱን እግር በ50 ሴንቲ ሜትር ሲባጎ ያገናኙ። ይህች ሲባጎ እግሮቹ ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ተንሸራተው እንዳይበረገዱ ትከላከላለች። ሰው ይዘላታል፤ ሌንስ የሚወድቀው ግን በአብዛኛው እሷ ሳትኖር ነው።

ጥያቄ፦ የዘንጉ ጫፍ ጎማ ይሁን ወይስ ብረት?

መልስ፦ የስሜን ጥቁር ድንጋይ ላይ ብረት ይንሸራተታል፤ ድምፁም እንስሳውን ያባርራል። እርጥብ ሣርና ጭቃ ላይ ደግሞ ጎማ ይንሸራተታል። ጎማ ጫፍ ያለው ብረት፣ ማለትም ጎማው የሚወልቅ፣ ሁለቱንም ይፈታል። ቤት የሚሠሩ ከሆነ ጎማውን ብቻ ያድርጉና ሣር ላይ ሲሆኑ እግሮቹን በትንሽ ድንጋይ ያስደግፉ።

ጥያቄ፦ ጎንደር ነው ያለሁት። ወንድሜ ስኮትላንድ ይኖራል፤ እዚያ አጋዘን ለማደን ተምሮ ፈቃድ አውጥቷል። በጎንደር የተሠራ የቀርከሃ ዘንግ ስጦታ ልልክለት ፈለግሁ። ለጠመንጃ ይሆናል? እዚህስ እንዲህ ያለ ነገር ይዤ ፓርክ ብገባ ችግር አለው?

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን መጀመሪያ የት እንደሚያድን ይጠይቁት። በስኮትላንድ ገላጣ ተራራ ላይ ቀይ አጋዘን የሚታደነው ብዙውን ጊዜ በደረት ተኝቶ ነው፤ እዚያ ረጅም ዘንግ ሸክም ብቻ ነው፤ ቦርሳውን ከፊት አድርጎ ጠመንጃውን ቢያሳርፍበት ይሻለዋል። ጫካ ውስጥ ሮ የሚባለውን ትንሹን አጋዘን ከሆነ ግን ሣሩና ቁጥቋጦው ተኝቶ ለማየት አያመችም፤ ቆሞ መተኮስ ይመጣል፤ ዘንግ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ለጠመንጃ ሹካው ጠበብ ይላል፤ ቡሎኑን ከላይ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ያድርጉት። ገና ጀማሪ ከሆነና ገንዘብ ካለው፣ ከፊትም ከኋላም ጠመንጃውን የሚይዘው ባለ አራት እግር ዘንግ ለቆመ ሰው ከሁሉም ይረጋል። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ወጣ ገባ መሬት ላይ ለመትከልም ጊዜ ይወስዳል።

አንድ ነገር በደንብ ይንገሩት፦ ሹካው ላይ የሚያርፈው የጠመንጃው የፊት እንጨት ነው፣ አፈሙዙ፣ ማለትም የብረት ቱቦው፣ አይደለም። አፈሙዙ ዘንጉን ከነካ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ዒላማ ማስተካከያ ቦታ ላይ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያስተካከለውም ከዘንግ ላይ ሲተኩስ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከዘንጉ ላይ ራሱ ቆሞ ይሞክር። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ላይ ተከታታይ ጥይቶቹ ሁሉ የሚያርፉበት ርቀት የእሱ ወሰን ነው፤ ከዚያ በላይ እንስሳ ላይ አይተኩስ። አቁስሎ መልቀቅ አዳኝ ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ የከፋው ነው። ዘንጉን ሲተክልም ሆነ አጥር ሲሻገር ጥይት አፈሙዙ ውስጥ አይኑር።

ስለ ፓርኩ፦ ዘንግ ለመነጽርና ለካሜራ ይዞ መግባት ችግር የለውም። አደን ግን በፓርኩ ውስጥ ፈጽሞ ክልክል ነው። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በ1978 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ዋልያ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚኖረው እዚህ ብቻ ነው። በሌላ የሀገራችን ክፍል ማደን የሚፈልግም በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድና ለአደን በተከለሉ ቦታዎች ብቻ ነው የሚችለው።

ጥያቄ፦ ዘንግ ይዤም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ለምን?

መልስ፦ ያ የእጅዎ አይደለም። ፀሐይ ያሞቀው ዓለት አየሩን እያነሳ ያርገበግበዋል፤ ምንም ዘንግ አያቆመውም። ማለዳ ፀሐይ ገደሉን ሳታሞቅ፣ ወይም ማምሻውን ይሞክሩ። እስከዚያው ርቀቱን ማሳጠር ብቻ ነው የሚረዳው፤ 8 ጊዜ የሚያቀርበው ባይኖኩላር ካለዎትም በ10ሩ ፈንታ እሱን ያንሱ፤ አየሩን ያነሰ ያጎላዋል።