ሆርሞኑ ደጅ ቀርቶ ትእዛዙ እንዴት ይገባል?

የሳምንቱ ጥያቄዎች ከከተማዋ ዳር ዳር የመጡ ናቸው።

ከኮዬ ፈጬ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ማታ በጨለማ መንገድ ውሻ ሲያባርረኝ ልቤ ድው ድው ይላል። አድሬናሊን የተባለው የድንጋጤ ሆርሞን ግን ሴል ውስጥ አይገባም ተብለን ተምረናል። ታዲያ ማነው የሚያዘው?

ይሄን መጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ስሙን ሸምድዶ ያልፈዋል። አድሬናሊን የሴሉን የስብ ሽፋን እንደልቡ አያልፍም። ሽፋኑን ሰባት ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚያቋርጥ ሪሴፕተር፣ ማለትም ተቀባይ ፕሮቲን አለ። አድሬናሊን ከውጭ ሲይዘው ተቀባዩ ቅርጹን ይቀይራል። በውስጥ በኩል ያለው መልእክት አቀባይ፣ ጂ ፕሮቲን፣ ይነቃል፤ እሱም አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያስነሳል። ኢንዛይሙ ኤቲፒ ከተባለው የሴል ኃይል ተሸካሚ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ያመርታል። ትእዛዙን ውስጥ ለውስጥ የሚያዳርሰው እንግዲህ ይሄ ነው። አንድ የነቃ ኢንዛይም ብዙ ስለሚያመርት ጥቂት አድሬናሊን ይበቃል። ልብ ላይ ምቱን ያፈጥናል፤ ጉበት ውስጥ የተከማቸውን ስኳር፣ ግላይኮጅንን፣ ወደ ግሉኮስ ያስፈርሳል። ሳይክሊክ ኤኤምፒን ያገኘው ኧርል ሰዘርላንድ በ1971 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። የጂ ፕሮቲን የኖቤል ተራ የደረሰው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው።

ከየካ አባዶ፣ እናት፦ ልጄ አስም አለባት። ፓፉን ስትወስድ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ ፕሮፕራኖሎል ሰጠችኝ፤ ልስጣት?

በፍጹም እንዳይሰጧት! ፓፉ ውስጥ ያለው ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧ ጡንቻ ላይ ያለውን ቤታ-2 ተቀባይ ይቀሰቅሳል። እዚያ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ጡንቻውን ያላላል፣ ትንፋሽ ይከፈታል። የእጅ ጡንቻም ይሄው ተቀባይ ስላለው ነው የምትንቀጠቀጠው። የልብ ምት የሚያቀዘቅዘው ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ይሄንኑ ተቀባይ ይዘጋል። ቧንቧው ሊጠብ፣ ፓፉም አልሠራ ሊል ይችላል። ለጎረቤትዎ የታዘዘው ለልጅዎ አደጋ ነው። መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ ቆየት ብሎ ይለቃታል። ፓፉ ቶሎ ቶሎ ካስፈለጋት ግን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ሐኪሙ «ኢንሱሊን አለዎት፣ ስኳርዎ ግን ከፍ ብሏል» አሉኝ። እንዴት ይሆናል?

የኢንሱሊን ተቀባይ ራሱ ኢንዛይም ነው። ኢንሱሊን ሲይዘው ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ቅብብሉ ሲደርስ ግሉት-4 የተባሉ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ። በዓይነት 2 ስኳር ይሄ ቅብብል ይደክማል፤ ኢንሱሊኑ እያለ ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ በእግርዎ ይሂዱ። የሚሠራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ግሉት-4ን ያወጣል።

ከሱሉልታ፦ ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ይፈልጠኛል።

ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ አዴኖሲን የተባለውን ድብት የሚያደርግ የሰውነት ንጥረ ነገር ተቀባይ ይዘጋል። ቡናው ሲቀር አዴኖሲን ቦታውን ያገኝና የራስ ደም ሥሮችን ያሰፋል። ሐራራው በዚያ ይመጣል። በአንዴ አያቁሙ። መጀመሪያ በረካውን ይተዉ፣ ቀጥሎ ቶናውን።