ለፈረስ ማልቀስ ነውር ነው ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ፈረስህ ሞቶ ስታለቅስ «ለእንስሳ?» ብለው የሳቁብህ ጎረቤቶችህ የአገራቸውን ወግ ዘንግተዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው፤ ንጉሥ በከብት አባትነት ሲጠራ ማን ሳቀ? ጀግናው ሲሞት ደግሞ ፈረሱ በወግ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ባዶ እንደሆነ፣ በለቅሶው መካከል ይሳብ ነበር። በጎጃም አዊ ያሉት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ቢያገኙህ አብረውህ ባለቀሱ።

ይልቅ የቀረችውን ባዝራ አደራ! ፈረስም ጓደኛውን ሲያጣ ይጣራል፣ መኖ ይጠላል። ብቻዋን አትተዋት፤ ጨርሳ መብላት ካቆመች ሳታሳድር የእንስሳት ሐኪም ጥራ።