ጋቢውን የሰጠን መልአክ ነው ወይስ ሰው?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የጥምቀት ዕለት ንጋት ላይ ፋሲል መዋኛ ጸበሉ ሲረጭ እናቴ ከላይ እስከ ታች ረጥባ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አንድ የማናውቀው ባጃጅ ነጂ ጋቢውን አውልቆ አለበሳትና አዘዞ ቤታችን ድረስ አደረሰን። ሒሳብ ስሰጠው “እናቴ ብትሆንስ?” ብሎ እምቢ አለ፤ ጋቢውንም ትቶት ሄደ። ጎረቤቶቼ “ቅዱስ ሚካኤል ነው” ስላሉኝ ጋቢውን ከሥዕሉ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ የታመመ ሁሉ እየመጣ ይዳስሰዋል። ጠርዙ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ባጥበው ኃጢአት ይሆንብኛል? ለሚካኤልም ዝክር ተስያለሁ።
ወለተ ማርያም፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ልጄ ወለተ ማርያም፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ጋቢውን እጠቢው። መልአክ ቤንዚን አይሸትም። በሽተኛ መዳሰሱም ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ለበሽተኛ ጸበል አለለት።

መላእክት አይራዱንም ማለቴ አይደለም፤ የዚያን ልጅ ልብ ያነሣሣው ሚካኤል ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚህ በጎንደር ስንቱን ሰምቻለሁ መሰለሽ! ሆስፒታል ደም የለገሰላትን ሰው “ገብርኤል ነበር” የምትል አለች። የጣለውን ገንዘብ የመለሰለትን ሊስትሮ “ከየት እንደመጣ አይታወቅም” የሚል አለ። ይታወቃል እንጂ፤ ሣጥኑን ይዞ ፒያሳ ተቀምጧል። ሰውየውን መልአክ ካደረግነው ምስጋናው ይቀርልናል። ይባስ ብሎ፣ እኛስ እንዲህ እናደርጋለን ወይ ብሎ የሚጠይቀን የለም፤ “እሱማ መልአክ ነው፣ እኔ ማን ነኝ” ብለን እንተኛለን።

ብዙዎች ዕብራውያን 13፥2ን ይጠቅሱልኛል። ደግመሽ አንብቢው፤ ሳያውቁ መላእክትን የተቀበሉት እንግዳ ያስተናገዱት ናቸው። ሎጥ በሰዶም በር ሁለቱን “ኑ እደሩ” ሲላቸው መንገደኞች መስለውት ነው። ቃሉ እንግዳ ተቀበዪ አለሽ እንጂ የረዳሽ ማን እንደሆነ መርምሪ አላለሽም።

ይልቅ የሐዋርያት ሥራ 27ን እና 28ን አብረሽ አንብቢ። ጳውሎስ ማዕበል ሲያንገላታው የእግዚአብሔር መልአክ በሌሊት አጠገቡ ቆሞ “አትፍራ” ብሎታል። በኋላ መርከቡ ተሰብሮ 276 ነፍስ መላጥያ ደሴት ሲወጣ ዝናብ ነበረ፣ ብርድ ነበረ፤ የአገሩ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ቅዱስ ሉቃስ መልአኩን መልአክ፣ ሰዎቹን ሰዎች ብሎ ጻፈ። እሳቱን ያነደዱት ወንጌል ገና ያልደረሳቸው ነበሩ፤ እሱ ግን ቸርነታቸው የሚያስገርም ነው አለ። ይህን ያነሣሁት ነጂው የእኛ እምነት ተከታይ ባይሆንስ ብለሽ እንዳታመነቺ ነው።

ዝክሩን አልከለክልሽም፤ ስእለት ስእለት ነው፣ ለየካቲት 12 አውጪው። ድሀ ይብላው፤ ጋቢውን ሲዳስስ የሰነበተው ጎረቤት ብቻ ተሰብስቦ እንዳይጨርሰው አደራ።

ከዚያ በፊት ግን ጋቢውን አጥበሽ፣ አጥፈሽ ባጃጅ ተራ ሂጂ። ተራ አስከባሪዎቹን ጠይቂ፤ በጥር ብርድ ያለ ጋቢ ሲነዳ የዋለ ልጅ ጓደኞቹ ሳይስቁበት አልቀሩም፣ ቶሎ ያስታውሱታል። ሒሳቡን ተቀበለኝ ብለሽ እንደገና እንዳትጨቀጭቂው። እናትሽ ሲሻላት ይዘሻት ሂጂና ትመርቀው፤ ምርቃት እምቢ አይልም። አዘዞ ካጣሽው ንገሪኝ፣ ፒያሳ ያሉትን እኔ አጠያይቃለሁ።