ጥያቄና መልስ፦ ቀይ ጋሻ ያለበት ቤት

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር የቤት ቁጥር ቢለጠፍም ማንም አያነበውም፤ «ሰማያዊው በር ጋ» ካልን ይበቃል። የሮትሽልድ ባንከኞችም ስማቸውን ያገኙት ከቤታቸው ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? በፍራንክፈርት የአይሁድ ሰፈር 3000 ሰው በአንዲት መንገድ ይኖር ነበር የሚባለውስ እንዴት ይሆናል?
አንባቢ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ስሙ ከቤት መምጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከበሩ ሳይሆን ከምልክቱ ነው። በዩደንጋሰ (የአይሁድ መንገድ ማለት ነው) ቤት የሚታወቀው በቁጥር ሳይሆን በስም ነበር፦ መርከብ፣ አውራ ዶሮ፣ ሰጎን፣ አረንጓዴ ጋሻ። ሮትሽልድ ቀይ ጋሻ ነው። የሚገርመው ግን የባንኩ መሥራች ማየር አምሼል በ1744 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲወለድ ቤተሰቡ ቀይ ጋሻን ከለቀቀ ቆይቷል። እሱ ራሱ በኋላ የገባው አረንጓዴ ጋሻ የሚባለው ቤት ነው። ስሙ ግን አብሯቸው ዞረ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። የከተማው ምክር ቤት አይሁዶችን ወደዚህ ስፍራ ያዛወረው በ1462 ነው። መንገዱ ከድሮው የከተማ ግንብ ጎን ታጥፎ የሚሄድ፣ 330 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሜትር ነበር። ሁለት ሚኒባስ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሦስት በሮች ነበሩት፤ ሌሊት፣ እሑድና በክርስቲያን በዓላት ይዘጋሉ። መጀመሪያ የገቡት 110 ሰው ገደማ ናቸው፤ ለነሱ በቂ ነበር። በ1610 አካባቢ ግን ወደ 3000 ተጠጉ፣ ቤቱም ወደ 200። በአማካይ በአንድ ቤት 15 ሰው ማለት ነው።

ምክር ቤቱ ሰፈሩን ለማስፋት እሺ አላለም። መሬቱ የከተማው ነው፤ ነዋሪው ቤቱን በራሱ ወጪ ሠርቶ ለቦታው ኪራይ ይከፍላል (ሊዝ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አያጣውም)። ወደ ጎን መሄድ ሲከለከል ሰው ቤቱን ከመሃል ለሁለት ይከፍላል፣ ጓሮው ላይ ሌላ ቤት ይደርባል፣ ፎቁን ደግሞ ወደ መንገዱ ያስወጣል። አንዳንዱ ቤት ወርዱ ከ2 ሜትር በታች ሆነ። ላይኛው ፎቅ ከማዶው ጎረቤት ጋር ሊነካካ ስለሚደርስ ታች ፀሐይ አይገባም። በ1616 የወጣው ደንብ ቤተሰቡን በ500፣ ጋብቻውን በዓመት በ12 ወሰነ። ይህ ደንብ የወጣው በ1614 ፌትሚልሽ በሚባል የከተማው ነዋሪ የተመራ አመጽ ሰፈሩን ከዘረፈና ነዋሪውን ካባረረ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አይሁዶቹን በወታደር አጅቦ ሲመልሳቸው ነው።

እንጨት ከእንጨት ሲጠጋ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል። ጥር 14 ቀን 1711 እሳት ከዋናው ረቢ ቤት ተነሣ። ነዋሪው ዘራፊ ይገባብናል ብሎ ስለ ፈራ በሮቹ ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆዩ፤ ረዳት ከውጭ ሲገባ እሳቱ ከእጅ ወጥቶ ነበር። በአንድ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ነደደ። በ1721 ሌላ እሳት ከ100 በላይ ቤቶችን በላ፤ በ1796 የፈረንሣይ መድፍ ሰሜናዊውን ጫፍ አቃጠለ፣ የጌቶው ግዴታም (አይሁዶች በዚህ ሰፈር ብቻ እንዲኖሩ ማስገደዱ) ከዚያ ወዲህ ላልቶ በ1811 ተነሣ።

ዛሬ ቤቶቹ የሉም፤ አብዛኞቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ፈርሰዋል። በ1987 ለግንባታ ሲቆፈር መሠረታቸው ወጣ፤ ከፊሉ በ1992 በተከፈተው ሙዚየም ውስጥ አለ። ሄደው ከመሠረቱ መሃል ቢቆሙ የቤቱን ወርድ በክንድዎ መለካት ይችላሉ።