የድሮ ካሴት ስትገዛ ቢ ጎኑን ሳታስከፍት አትክፈል

ወንድሜ፣ «የ60ዎቹንና የ70ዎቹን ዘፋኞች ኦሪጅናል አልበም ከየት ላግኝ? ወደ ኮምፒውተርስ እንዴት ልገልብጥ?» ላልከው።

1. መጀመሪያ አልበሙ መኖሩን አጣራ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1978 ከወጣው የእኛ ሸክላ ወደ 500 የሚጠጋው ትንሹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ባለ 45 ነው፤ ትልቁ፣ ሙሉ አልበም የሚይዘው ባለ 33 ግን 30 ገደማ ብቻ። ብዙው ሥራ በየጎኑ አንድ አንድ ዘፈን እየሆነ ነው የወጣው። የድሮ ዘፈኖቻችንን በሲዲ በሚያወጣው ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ ላይ የምታየው አብዛኛው ኋላ ተለቅሞ የተሰባሰበ ነው። የተከታታዩ ቁጥር 4፣ የሙላቱ አስታጥቄው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ስለሆነ፣ «የዚህ የድሮው ሸክላ አለኝ» የሚልህ ደላላ ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው። በዘፈኑ ስምና መሃሉ ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ፈልግ።

2. ካሴት ላይ ገንዘብ የሚበላው የሱቅ ቅጂ ነው። የኦሪጅናሉ ሽፋን ማተሚያ ቤት የታተመ ስለሆነ ፊደሉ ጥርት ይላል። የቅጂው ሽፋን የፎቶ ፎቶ ነው፤ የዘፋኙ ፀጉርና ኮት አንድ ጥቁር ሆኖ ይደፈናል። ካሴቱ ራሱ ላይ ቲዲኬ ወይም ሶኒ፣ 60 ወይም 90 የሚል ካየህ አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ካሴት የተቀዳ ነው። ቢ ጎኑን እስከ መጨረሻው አስከፍት፤ ቀጂዎች ክሩ ሲተርፋቸው በሌላ ዘፋኝ ዘፈን ይሞሉታል። ያን ስትሰማ መልስለት። «ቴፕ የለንም፣ ካመንክ ውሰድ» ብሎ የሚቆጣም አለ። ዎክማን በኪስህ ይዘህ ሂድ፣ አልሰማም ካለ ውጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ መለማመጥ አይገባም።

3. ቤት እንደገባህ ቶሎ አታጫውት። በቢክ እስክሪብቶ ጥቂት ዙር አዙረው። ከከበደህ ክሩ ተጣብቋል፣ ሞተር ቢስበው ይበጠሳል። ከላላ እስከ መጨረሻው አሳልፈህ መልሰው። ድምፁ ድፍን ካለ መሃል ያለችውን ስፖንጅ እይ። ሙጫዋ ደርቆ ወድቃ ከሆነ ክሩ ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን የማጫወቻውን ክፍል) በደንብ አይነካም። ባለ ብሎን ባዶ ካሴት ግዛ፣ በትንሽ ካቻቢቴ ፍታና ክሩን ከነጥቅልሉ አዛውር። የተበጠሰን ክር ግን በተራ ፕላስተር አትቀጥል፣ ሙጫው ይፈስና ሄዱ ላይ ይቀራል፤ ለካሴት ክር የተሠራ መቀጠያ አለ።

ማጫወቻውን በተመለከተ፣ ዩኤስቢ ያለባቸውን ርካሽ የፕላስቲክ ዕቃዎች እርሳቸው። ፍጥነታቸው ይዋዥቃል። ምን አለሽ ተራ ደህና የድሮ ዴክ (ትልቁን የቤት ካሴት ማጫወቻ) ፈልግና ቺንጋውን አስቀይር፤ ሄዱንና ክሩን የሚስበውን ጎማ በጥጥና 90 ከመቶ በሆነ አልኮል ጥረግ፣ ጎማው እስኪደርቅ ጠብቅ። ከኋላው ካለው የድምፅ መውጫ ቀዳዳ፣ ከላይን አውት እንጂ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ አትቅዳ። ሽፋኑ ላይ ካልተጻፈ ዶልቢውን (እሽታ የሚቀንሰውን ማብሪያ) አጥፋ፣ አለዚያ ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። ከሄዱ ጎን ያለችውን፣ የሄዱን አቀማመጥ የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን ከመንካትህ በፊት ቦታዋን በቀለም ምልክት አድርግ፤ ከዚያ ጸናጽሉና የዘፋኙ «ስ» እስኪጠሩ ድረስ በጣም በቀስታ አዙር። ይህ ለእያንዳንዱ ካሴት ይለያያል።

ስትቀዳ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ጥራቱን በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በፍላክ አስቀምጥ። ለስልክህ ኤምፒ3 አውጣ እንጂ ፍላኩን አትደምስስ። እሽታውን በሶፍትዌር ማጥፋት ካማረህም ኮፒው ላይ ሞክር።