የመሪውን ዘንግ በማርቴሎ አትምታ

ከለገጣፎ አንድ ወጣት መካኒክ ጽፎልኛል። «ጋሼ፣ አንድ ቪትዝ ጎርባጣ መንገድ ላይ መሪው ስር ይንኳኳል። ኮለኑን (የመሪውን ዘንግ የያዘውን ክፍል) ላወርድ የመሪውን ዳዶ ፈታሁ፤ መሪው ግን አልላቀቅ አለኝ። የዘንጉን ጫፍ በማርቴሎ ብመታው ችግር አለው?»

አለው እንጂ! ኮለኑ ብረት ስለሆነ ምት የማይጎዳው ይመስላል። ግን ግጭት ሲመጣ ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ ነው የተሠራው፤ የሾፌሩን ደረት እንዳይወጋ። ጫፉን ስትመታው ያ የሚሰበሰበው ክፍል ሊበላሽ ይችላል፤ ከውጭ ምንም አይታይህም። መሪውን በፑለር (ስቦ በሚያላቅቅ መሣሪያ) አውጣው። ዳዶውን ደግሞ ጨርሰህ አታውልቅ፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ያዝ አድርገው። መሪው ድንገት ሲለቅ ፊትህን ይመታሃል።

ቆይ ግን፣ መሪው መሃል ያለውን ኤርባግ ያወጣኸው ባትሪ ነቅለህ ነው? ካልሆነ እግዜር ነው የጠበቀህ። ኔጋቲቩ ተነቅሎም የሚያፈነዳው ኃይል ለትንሽ ጊዜ እዚያው ይቆያል። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል። እኔ አለም ገና ጋራዤ ውስጥ ሻይ ጠጥቼ ነው የምመለሰው። አንዴ ረዳቴ ኤርባጉን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶት፣ በቴስተር ሊለካው ሲል ደረስኩበት። እንዴት እንደጮህኩ! የቴስተር ከረንት ራሱ ሊያፈነዳው ይችላል። ተደፍቶ ከፈነዳ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን።

ኮለኑን ከማላቀቅህ በፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ፣ ክሮቼራው (የመሪውን ዘንግ ከታች ካለው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አኑር። ዘንጉ ዞሮ ከተገጠመ፣ መሪው ሲጠመዘዝ የኤርባጉ ጥቅል ሽቦ ይበጠሳል። የቪትዝ መሪን የሚያቀልለው ሞተር ኮለኑ ላይ ስለሆነ ኮለኑ ይከብዳል። ቡሎኖቹን ስትፈታ ረዳትህ ከስር ይያዝልህ፤ በሽቦው እንዳይንጠለጠል።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ብሆን ምንም ሳልፈታ በፊት ክሮቼራውን በእጄ እነቀንቀው ነበር። ብዙ ጊዜ የሚንኳኳው እሱ ነው፤ ኮለኑ ሳይወርድም ይቀየራል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪና ከሆነ ደግሞ የኮለኑ መያዣ ብየዳ ላይ ስንጥቅ ፈልግ። ካገኘህ ባለቤቱን ጠርተህ ሳታሳይ አትግጠም።

ባትሪውን መጨረሻ ላይ አገናኝ። ቁልፉን ስታዞር ፊትህን ከመሪው አርቅ። የኤርባጉ መብራት በርታ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች መኪናውን እንዳታስረክብ፤ መልሰህ ጻፍልኝ።